ወረርሽኝ ማንን ወሰደ?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት። የመመረቂያ ጽሑፌ ወረርሽኝ የሕዝብን ቁጥር እንዴት እንደሚለውጥ ነው። ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ስንት ሰው ሞተ ብለሽ አትጀምሪ፤ ማን ሞተ ብለሽ ጀምሪ። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነው አጥብቆ የያዘው። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ወጣቷ፦ ጎልማሳ መሞቱ ለቁጥሩ ምን ይለያል?

አዛውንቱ፦ እኔ ዛሬ ብሞት ከዚህ ቤት የሚጎድለው አንድ ሰው ነው። የሃያ ዓመት ሙሽራ ስትሞት ግን ያልወለደቻቸው ልጆች፣ እነሱም ይወልዷቸው የነበሩት አብረው ይጎድላሉ።

ወጣቷ፦ ኮቪድስ?

አዛውንቱ፦ እሱ የበረታው በእኛ በሸመገልነው ላይ ነው፤ አገሩ ደግሞ የወጣት አገር ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል የፈራነው ሞትን ነበር። የእኛን ሐሮ ወንጪን የመታው ግን የእንግዳ መጥፋት ነው። ጎብኚ በፈረስ ወደ ወንጪ ሐይቅ እያወረዱ የሚተዳደሩ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ፈረሱን ሸጦ አዲስ አበባ የገባ አውቃለሁ፤ እጮኛውም እዚህ ቀረች። ሰርግ ሲዘገይ ልጅም ይዘገያል።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ወሊድ ቀነሰ ብዬ ልጻፍ?

አዛውንቱ፦ አትቸኩዪ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያለ ዕድሜዋ የምትዳርም አለች። ሁለቱንም በየቤቱ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ ክፉ ቀን ስለተባለው ረሃብም ልጠይቅዎ ነበር።

አዛውንቱ፦ እሱን በደንብ ያዢው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባና በሬውን ጨረሰው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ረሃቡ ያደከመውን ሕዝብ ፈንጣጣና ኮሌራ አገኙት። እንሰት ግን በሬ አይጠይቅም፤ በዶማ ይቆፈራል፣ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ለብዙ ወራት ይቀመጣል። እርግጥ ከብቱ ካለቀ የሚዳብርበትን ፍግ ያጣል፣ ቀስ በቀስም ይመነምናል። ቢሆንም እንሰት ያለውና በጤፍ ብቻ የሚኖረው አገር እኩል አለቀ ብለሽ አትጻፊ፤ ለየብቻ ፈትሺያቸው።

ወጣቷ፦ የኮቪድ ዘመኑን የሕዝብ ቁጥርስ ከቆጠራ ማግኘት ይቻላል አይደል?

አዛውንቱ፦ የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ የአገሩ ሕዝብ ያኔ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ቀጣዩ የተላለፈው ከኮቪድ በፊት በጸጥታ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱን በበሽታው ላይ አታላክኪው። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን በእጃችን የነበረው ያ አሮጌ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ወጣቷ፦ ታዲያ ምን ይሻለኛል?

አዛውንቱ፦ የእድሮችን መዝገብ ለምኚ። ማን መቼ እንደሞተ ከዚያ ታገኛለሽ። ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም፤ እሱን ቤተሰቡ ጋ ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።