ስድስት ልብስ ከሁለት ጨርቅ

አዲስ አበባ ላይ የልብስ ብራንድ ለመክፈት ያሰበ ዳያስፖራ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ንድፍ ስሎ ይመጣል። ለመጀመሪያው ዙር ስድስት ይበቃል፤ እሱም ከወረቀቱ ሳይሆን ከጨርቁ ቢነሳ ይሻላል።

ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ሸማኔው ሲሠራ ተመልከቱ። መወርወሪያውን በእጁ ስለሚያመላልስ የጨርቁ ወርድ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ጋቢ መሀሉ ላይ የሚሰፋውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰፊ ወርድ የሚፈልገውን ክብ ቀሚስ ተዉትና ቀጥ ባሉ ቁራጮች የሚገጣጠም ቅድ ምረጡ፤ ብጣሽም አይበዛባችሁም። ጥለት ካለው ሸማኔው የልብሱን ርዝመት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ልብስ ሰፊው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ጥለቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ሁለት ዓይነት ጨርቅ ብቻ አሸምኑ። ከሳሳው ነጭ ጥጥ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ሸሚዝ፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስና የአንገት ልብስ ይወጣል፤ ወፈር ካለው ባለቀለም ደግሞ ሱሪ፣ ጉርድ ቀሚስና የሚደረብ ክፍት ጃኬት። ሁሉም ከሁሉም ጋር መሄድ አለበት። እሁድ ከነጠላ፣ ሰኞ ከጂንስ ጋር የማይለበስ ካለ ከስድስቱ አውጡት። ጥለቱንም አሳንሱት። ከደረት እስከ እግር የወረደ ጥለት ማማሩስ ያምራል፣ ግን በዓመት ስንቴ ይለበሳል? ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው «ለምለም» የአገራችንን ሽመና ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ በጋ ጎዳና ያወጣው ከበዓል ልብስነት አላቅቆ ነው።

ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡት። ጥጥ ይሰበሰባል፣ ቀለሙም ነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል።

ቀን ስትቆርጡም የሸማኔውን ዓመት እዩ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት እጁ በበዓል ትእዛዝ ይያዛል፤ ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎች ደግሞ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ለናሙና የሚመቸው ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ዜግነት የቀየራችሁ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ወይም ቢጫ ካርዱን ቀድማችሁ አውጡ፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ለመቆጠር ይጠቅማችኋል። አሜሪካ ለመሸጥ ያሰባችሁ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ በሆነው በድሮው የአጎዋ ዕድል ስሌት አትነሱ። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዕድሉ ወጥታለች፤ ቀረጡን ከክሩና ከስፌቱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ ነው የሸሚዙን ዋጋ የምትተምኑት።