ከመዝለል በፊት ወርዶ ማየት፦ በቆላው ወንዞች ስለሚዋኙ ወጣቶቻችን

በጎንደር ከተማ በጥምቀት ዕለት ውኃው ተባርኮ እንዳበቃ ወጣቶች ከዐፄ ፋሲል መዋኛ ግንብና በዙሪያው ካሉት ዛፎች ላይ እየተወረወሩ ወደ ውኃው ይገባሉ፤ ሕዝቡም በእልልታ ያጅባቸዋል። ይህን ያየ የደጋ ልጅ ትዝታውን በልቡ ይዞ ለሰሊጥ አረም ወይም ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎት የጓንግን ወይም የሽንፋን ኩሬ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሲመለከት የሚታየው ያው የፋሲል መዋኛ ነው። በዚህ ትምህርታችን ሁለቱ ውኃዎች በምን እንደሚለያዩ እንመለከታለን፤ ልዩነቱን ሳያውቅ የሚዘል ሰው ሕይወቱን ወይም የአንገቱን አጥንት ሊያጣ ይችላልና።

የፋሲል መዋኛ በሰው እጅ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ይቆይና በዓሉ ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። እንግዲህ ወለሉ ላይ ድንጋይ ይኑር ጉቶ ይኑር፣ ውኃው ከመግባቱ በፊት በእግር ተመላልሶ ማየት ይቻላል። በዕለቱም አንድ ሰው ቢሰጥም የሚያይ ዓይንና የሚዘረጋ እጅ አይታጣም። እንዲህም ሆኖ አደጋ የለም ማለት አይደለም። በጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ያን ቀን የገደለው ውኃው ሳይሆን መቆሚያው ነበር። ስለዚህም የሚመረመረው የምንዘልልበት ውኃ ብቻ አይደለም፤ የምንቆምበትም ነው። በቆላው የወንዝ ዳር ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩም ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ከላይ ጽኑ የመሰለ አፋፍ ከነሰውየው ሊናድ ይችላል።

ጓንግ ከጭልጋ ደጋ ተነሥቶ በመተማ ቆላ አልፎ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በዚያም አትባራ ተብሎ ዓባይን ይቀላቀላል። በበጋ ወራት ፍሰቱ እየደከመ ሄዶ በየስፍራው ኩሬ ብቻ ይቀራል። የሽንፋም ጠባይ ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የታተመ የሳይንቲስቶች ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ70,000 ዓመት በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ከሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ ነበር። ኩሬዎቹ ለሰው ልጅ የቆየ ባለውለታ ናቸው፤ እኛም ልጆቻችን ከውኃ ይራቁ አንልም፤ በዚያ ሐሩር እንዲህ ብንል ማን ይሰማናል?

ነገር ግን ኩሬው ዘንድሮና አምና አንድ አይደለም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ በ700 ሜትር ገደማ ናት። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ቋጥኝ እያንከባለለ፣ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ያመጣል፤ አምና ጥልቅ የነበረውን በደለል ይሞላል። «እዚህ ሁልጊዜ ስንዘል ኖረናል» የሚለው ቃል እንግዲህ ማስረጃ አይሆንም። ያለፈውን ክረምት ያላየ ዕውቀት ነውና።

ጎርፉ ራሱም ሳይጠራ ይመጣል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በሰኔ 1853 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1861) በሱዳን በረሃ በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ። ሰዎቹም ወንዙ መምጣቱን እየጮሁ ከአሸዋው ሸሹ። ሲነጋ ደረቅ የነበረው ስፍራ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ነበር። በዚያ ዝናብ አልዘነበም፤ የዘነበው በእኛ ደጋ ነው። መተማ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጭልጋ ላይ ከጠቆረ፣ ወይም ውኃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ልብስ እንኳ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ መውጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዝላዩ እንምጣ። ከ3 ሜትር ከፍታ የሚዘል ሰው ውኃውን ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ10 ሜትር ከሆነ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለዚህም ነው ለውድድር የሚሠራ የ10 ሜትር መዝለያ ከሥሩ ከ4 ሜትር ተኩል ያላነሰ ጥልቀት እንዲኖረው የሚፈለገው። በጋ ላይ እንዲህ ያለ ጥልቀት ያለው ኩሬ ስንቱ ነው? ራሱን አስቀድሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ የገባ ሰው ወለሉን የሚመታው በአናቱ ነው፤ የአንገቱ አጥንት ሲሰበር በውስጡ ያለው የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግሩም እስከ ዕድሜ ልክ ሊሽመደመድ ይችላል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በጎበዝ ዋናተኛ ላይ መሆኑ ያሳዝናል፤ የማይዋኝማ ከመጀመሪያውም አይዘልምና።

ምርመራው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ኩሬው ዳር በእግር ይወረዳል። ከዚያም መውጫው ይፈለጋል፤ በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቀን እንናገራለን፤ ወጣቶች መግቢያውን እንጂ መውጫውን ሲያዩ አይታዩምና። ዙሪያው ገደል ሆኖ የሚጨበጥ ነገር ከሌለ፣ የደከመ ሰው ከዘለለበት ሊመለስ አይችልም። ቀጥሎም ጥልቀቱ በረጅም ዘንግ፣ ወይም ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ይለካል፤ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እግር ሊያርፍበት በሚችለው ስፍራ ሁሉ። ውኃው ደፍርሶ ወለሉ የማይታይና በዘንግም የማይዳሰስ ከሆነ መዝለሉ ይቀራል፤ ቀስ ብሎ በእግር መግባት ይበቃል። ስለ አዞም የአካባቢው ዓሣ አጥማጅና እረኛ ይጠየቅ፤ ከእንግዳው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። በረጋ ውኃ ስለሚገኘው የቢልሃርዚያ በሽታም ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ደግ ነው።

ፈቃድም አይዘንጋ። የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያለ ፈቃድ አይገባም። በድንበሩ በኩል ማዶው ሌላ አገር ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ስላለ በዚያ በኩል ለዋና ብሎ መንከራተት ከጥበብ አይቆጠርም። መንደርተኛው የሚጠጣውን ኩሬም ማደፍረስ ነውር ነው።

የሰጠመን ሰው ለማዳን ዋና ሳይችሉ ተከትሎ መግባት ሁለት ሬሳ ያስከትላል። ገመድ፣ ዘንግ፣ ጋቢ፣ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርወርለት። ከወጣ በኋላ ትንፋሽ ከሌለው ዘቅዝቆ ውኃ ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ወዲያው አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይሰጠው፤ ደረቱም ይጫን። አንገቱን ተመትቶ ከሆነ ግን ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድ መስመር ተይዘው፣ ሳይጠመዘዝ በሳንቃ ወይም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትምህርት ከሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ስፍራዎች ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ። ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል (ማቴ. 4፥5-7)። ወጣቶች ይህን ይሰማሉ፤ ነገር ግን ዘዳግም 22፥8 ለታላላቆቹ የተነገረ ይመስለናል። በዚያ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ኃላፊነቱ በሚወድቀው ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ተጥሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚሆኑ ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ10 ሰዎች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ጊዜውም የተመቸ ነው የሚባለው በበጋው መጨረሻ፣ ጎርፉ ሳይደርስ ነው። የቁምስናው ወጣቶች ከአንድ የአካባቢው ሽማግሌ ጋር ሆነው ወደ ኩሬው ይውረዱ፤ የተጋለጠውን ወለልና ቋጥኙን ይዩ። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ ደግሞ ተመልሰው ይለኩ። በአፋፉ ካለው ዛፍ ላይም አንድ ገመድና አንድ ጀሪካን ይንጠልጠሉ፤ ጀሪካኑ ለውኃ መቅጃ እንዳይወሰድ ግን ለመንደሩ ሴቶች አስቀድሞ መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም።