ላፕቶፕ ይዞ መንገድ ለሚሄድ ሹም የሚሆን ትምህርት

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ሹም ወደ ገጠር ሲወጣ መዝገቡን በበቅሎ አስጭኖ ይሄድ ነበር። መዝገቡ ከባድ ስለ ሆነ ሌባ አይመኘውም፤ ቢጠፋም የሚጠፋው የጥቂት ሰዎች ጽሑፍ ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ወረዳ የመሬት ይዞታና የግብር መዝገብ ሁሉ በብብት በሚያዝ ላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። ሸክሙ ቀለለ፤ አደጋው ግን ከበደ። ስለዚህ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የዕቃው ዋጋ በገንዘብ ሲተካ፣ በውስጡ ያለው የሕዝብ መዝገብ ግን በገንዘብ የማይተካ መሆኑ ነው።

ለዚህም አስረጅ የሚሆን ነገር በአሜሪካ አገር ተደርጓል። በ2006 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ላፕቶፕና ተጨማሪ ዲስክ ወደ ቤቱ ወስዶ ሳለ ሌቦች ሰረቁት። በዚያም ውስጥ የ26.5 ሚሊዮን ሰዎች ስምና የልደት ቀን ነበረበት፤ ጽሑፉም በምስጢር የተቆለፈ አልነበረም። ዕቃው በሚከተለው ወር ተገኘ፤ መርማሪዎችም መዝገቡ የተነካ አይመስልም አሉ። ይህም ሆኖ መንግሥቱ በ2009 እ.ኤ.አ. 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አንደኛ፤ መዝገቡን መቆለፍ ነው። የይለፍ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሌባ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላልና። ስለዚህ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ምስጢር የሚለውጠውን መሣሪያ፣ ማለት በዊንዶውስ ቢትሎከርን፣ በአፕል ፋይልቮልትን ማሠራት ይገባል። የመክፈቻውም ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ እንጂ በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ከመነሳት አስቀድሞ ግልባጭ ማስቀረት ነው። አንዱ ግልባጭ በመሥሪያ ቤት ይቅር፤ በመንገድ የተሠራው አዲስ ሥራ ደግሞ በየማታው በተቆለፈ ፍላሽ ተገልብጦ ከላፕቶፑ ተለይቶ ይያዝ። ለጉዞው የማያስፈልግ መዝገብ ግን ከቶ አይወሰድ።

ሦስተኛ፤ የመንገድ ጥንቃቄ ነው። ክዳኑን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። ሳይጠፋ የተዘጋ ላፕቶፕ በቦርሳ ውስጥ ይግላል፤ የምስጢሩም ቁልፍ በውስጡ እንደ ነቃ ይቀራል። የሚሽከረከር ዲስክ ያለበት ደግሞ እየሠራ ቢንገጫገጭ ዲስኩ ይፋቃል። ስለዚህ ፈጽሞ አጥፍቶ፣ በወፍራም ቦርሳ አድርጎ፣ በጉልበት ወይም በመቀመጫ ሥር መያዝ ይሻላል፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ መጫን አይገባም። ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ወበቅ የወረደ እንደሆነ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ያዝበታልና፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ከቦርሳው ሳይወጣ ይቆይ። አቧራ ማራገቢያውን ይደፍነዋል፤ በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪናም ባትሪውን ይጎዳዋል።

አራተኛ፤ የባትሪ ነገር ነው። የሊቲየም ባትሪ ከተመታ ወይም ከመጠን በላይ ከሞቀ እሳት ያነሳል። ያበጠ ባትሪ ከቶ አይሞላ፤ በጉዞም አይያዝ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያድርግ፤ እሳት ቢነሣ አስተናጋጆች በቶሎ እንዲያጠፉት ነው። ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፤ ከ160 የሚበልጠው ግን ከመንገደኛ ጋር አይሄድም። በገጠር ጄኔሬተር የሚሞላ እንደሆነ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላልና በማረጋጊያ በኩል ይሁን።

ዕቃው የጠፋ እንደሆነ ሹሙ አፍሮ አይሸሽግ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለአለቃው ያመልክት። የጠፋውን በፍጥነት ማሳወቅ የገበሬውን ጉዳት ያሳንሳልና። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያዛል።

«ካያያዝ ይቀደዳል፤ ካነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ ገበሬው የእርሻውን ወሰን አምኖ ለሹሙ ያስመዘገበው እንዲጠበቅለት ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ሹሙ ሌላ ላፕቶፕ ይሰጠዋል፤ ገበሬው ግን ወሰኑን የሚያስረዳበት ምስክር ያጣል።