ልጆቻችን ለምን ነገር ያጨብጭቡ?
ስለ ኮርማ ግልቢያና ስለ ቤተሰብ መዝናኛ የቀረበ ትምህርት



የቤተሰብ የዕረፍት ቀን ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ልጅ ከአባትና ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ያየውን፣ በመማሪያ ክፍል ከሰማው ይልቅ ለብዙ ዘመን ሲያስታውሰው እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ የሚያሳየውን ትርኢት ከልጆቻችን ጋር መመልከት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ እንዴት? ለምሳሌ የምንወስደው በአሜሪካ የሚደረገውን የኮርማ ግልቢያ ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥነው በምክንያት ነው። በቴክሳስ ግዛት በዳላስና በፎርት ወርዝ ከተሞች ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት ወደዚያ በሄድንበት ጊዜ ያስተናገደን ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ማታ ሁለት ልጆቹን ይዞ የኮርማ ግልቢያ ለማየት ሲነሣ እኛንም ጋበዘን። አባትየው ጥቂት አመንትቶ፣ «አባ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሰምቶ ካላየሁ ብሎ አስቸገረን። ለልጅ የሚሆን ነው ወይስ አይደለም? እስቲ እርስዎም አይተው ይንገሩን» አለን። በዚያ ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠነውም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሳችን ነው።

1. የግልቢያው ታሪክና ሥርዓት

በመጀመሪያ ነገሩን በትክክል እንወቅ፤ ያላወቁትን ማመስገንም ሆነ መንቀፍ ከፍትሕ የራቀ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎርት ወርዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቴክሳስ ወደ ሰሜን የሚነዳው የከብት መንጋ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። የቀድሞው የከብት ገበያ ሰፈር ዛሬ የጎብኚዎች መዳረሻ ሆኗል፤ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች በአውራ መንገዱ ላይ ሲነዱ ልጆች ከዳር ቆመው ይመለከታሉ። በ1908 የተሠራው ካውታውን ኮሊሲየም የተባለው አዳራሽም በዚያው ይገኛል። ሮዲዮ ተብሎ የሚጠራው የከብት ጠባቂዎች ውድድር የተወለደው ከዚህ ኑሮ ነው፤ ብዙውን ልማዱንም የወረሰው ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ነው። ጥቁር አሜሪካውያንም በታሪኩ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በዚያው ሰፈር ሐውልቱ የቆመለት ቢል ፒኬት ከፈረስ ላይ ዘሎ የወይፈን ቀንድ ይዞ በመጣል ዝናን ያተረፈ ሰው ነበር፤ ቻርሊ ሳምፕሰንም በ1982 በኮርማ ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

የግልቢያው ሥርዓት አጭር ነው። ጋላቢው በጠባብ በረት ውስጥ በቆመው ኮርማ ጀርባ ላይ ይቀመጥና በኮርማው ደረት ዙሪያ የተጠመጠመውን ገመድ በአንድ እጁ ብቻ ይጨብጣል። በሩ ተከፍቶ ኮርማው ሲወጣ ስምንት ሰከንድ ይቆጠራል። ጋላቢው ከስምንት ሰከንድ በፊት ከወደቀ፣ ወይም ነጻ እጁ ኮርማውን ወይም የራሱን አካል ከነካ ነጥብ አያገኝም። ከመቶው ነጥብ ሃምሳው የጋላቢው፣ ሃምሳው የኮርማው ነው። እንግዲህ ጋላቢው በራሱ ብርታት ብቻ አያሸንፍም፤ የተቀመጠበት እንስሳም ተገቢውን ዋጋ ያገኛል።

2. አደጋው

ኮርማው ብዙ ጊዜ ከሰባት መቶ ኪሎ ያላነሰ ክብደት አለው። ስለዚህ አደጋው የይምሰል አይደለም። በ1987 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሌን ፍሮስት ሐምሌ 30 ቀን 1989 በሻየን ከተማ ስምንቱን ሰከንድ ጨርሶ ከወረደ በኋላ ኮርማው ወግቶት በ25 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ በኋላ ጓደኛው ኮዲ ላምበርት ደረትን የሚጠብቅ ሰደርያ ሠራ፤ ይህም በጋላቢዎች ዘንድ የተለመደ ሆነ። በ1992 ሃያ ጋላቢዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የሙያ ማኅበር መሠረቱ። ሆኖም በ2019 በዴንቨር ከተማ ሜሰን ሎው የተባለ ጋላቢ ሰደርያውን እንደ ለበሰ ኮርማ ደረቱን ረግጦት ሞተ፤ ዕድሜው እርሱም 25 ነበር። መከላከያ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

በሜዳው ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎችም አሉ። በእግራቸው ቆመው የሚጠብቁ ሁለት ወይም ሦስት ተከላካዮች፣ ጋላቢው ሲወድቅ በእርሱና በኮርማው መካከል ይገባሉ፤ ኮርማው ወደ እነርሱ እንዲዞር ያደርጋሉ። ነጥብ የሚሰጣቸው የለም። ቀድሞ እንደ ቀልደኛ ይለብሱ ስለ ነበር፣ ብዙ ተመልካች ዛሬም ሥራቸውን እንደ ማሳቂያ ይቆጥረዋል።

በዚያች ምሽት የሆነውን እንናገር። ከጋላቢዎቹ አንዱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሰከንድ ላይ ተወርውሮ በኮርማው እግር ሥር ወደቀ። ከተከላካዮቹ አንዱ በእጁ የኮርማውን ፊት መትቶ ወደ ራሱ አዞረው፤ ሁለተኛው የወደቀውን ጎትቶ አወጣው። ወጣቱ እያነከሰ ወጣ። የአሥር ዓመቱ ልጅ ወንበሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። የስድስት ዓመቷ እኅቱ ግን ፊቷን በእናቷ ነጠላ ሸፍና፣ «ሰውየው እናት አለው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው «አለው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘችም። እኛስ? ያን ጊዜ ራሳችንን ስንመለከት፣ ሳናውቀው ከሕዝቡ ጋር ተነሥተን ቆመናል፤ ጮኸንም ነበር። ጩኸታችን ሰውየው ከመዳኑ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? በእርግጥ ለመናገር አልቻልንም። ይህ ጽሑፍ እንዲጻፍ ያደረገንም ይኸው ነው።

3. የተመልካች ልብ

ቅዱስ አውጎስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በ6ኛው ክፍል ስለ ወዳጁ ስለ አሊፕዮስ ይተርካል። አሊፕዮስ ሰዎች በሰይፍ የሚጋደሉበትን የሮም ትርኢት ይጠላ ነበር። ጓደኞቹ በግድ ወሰዱት፤ እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ በጮኸ ጊዜ ግን ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ሌሎቹ የሚጮኽ፣ ሌሎችንም የሚጎትት ሆነ። ነጻ የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የኮርማ ግልቢያ የሮም ትርኢት አይደለም። በዚያ ሞት የትርኢቱ ፍጻሜ ነበር፤ በዚህ ግን ሁሉም ጋላቢው በደኅና እንዲወርድ ይሠራል። ሆኖም የአሊፕዮስ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ አደጋ ያለው በሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በተመልካቹ ወንበርም ላይ ነው። ሰው በብዙ ሕዝብ መካከል ሲሆን ብቻውን ቢሆን በማይጮኽበት ነገር ይጮኻል። ልጅ ደግሞ የሚጮኸው ገና ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው።

4. ስለ እንስሳው

በሬን በስሙ እየጠራ በሚያርስ ገበሬ መካከል ላደግን ሰዎች፣ ከብት ለጨዋታ ሲቀርብ ማየት ይከብደናል። ልጆችም ኮርማው ለምን እንደሚዘል ይጠይቃሉ፤ እውነቱ ሊነገራቸው ይገባል። እነዚህ ኮርማዎች ለዝላይ ተመርጠው የሚራቡ ናቸው። ሆኖም በጎናቸው ላይ፣ ከኋላ እግራቸው ፊት ለፊት፣ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ይህም የኋላ እግራቸውን አጥብቀው እንዲወረውሩ ያደርጋል። የግልቢያው ደጋፊዎች ማሰሪያው እንደማያቆስልና ውድ ኮርማ የሚጎዳ ባለቤት እንደሌለ ይናገራሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ እንስሳው ደስ ብሎት የሚዘል እንዳልሆነ፣ ጉዳትም እንደሚደርስበት ያመለክታሉ። በብሪታንያ በ1934 የወጣው ሕግ ጭካኔ ባለበት መሣሪያ እንስሳን እያስዘለሉ መጋለብን ከልክሏል።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 5ኛ በ1567 ኮርማና አውሬ እየተወጉ ሰው የሚሞትበትን ትርኢት በጽኑ ቃል ከለከሉ፤ እገዳው ለምዕመናን በኋላ በ1575 በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 13ኛ ላላ። ያ ትእዛዝ ስለ ኮርማ ውጊያ እንጂ ስለ ግልቢያ አልነበረም። የዛሬው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ሁለት ነገር ያስተምረናል፤ ሕይወትና ጤና የተሰጡን ስጦታዎች ስለሆኑ በማስተዋል እንድንጠብቃቸው (ቍ. 2288-2290)፣ እንስሳትንም ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት ለሰው ክብር እንደማይስማማ (ቍ. 2415-2418)። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ፍርድ ለኅሊና ትቶልናል።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለዚያ አባት የምንመልሰው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፤ ዕድሜን ለዩ። ለስድስት ዓመቷ ልጅ ጊዜው አልነበረም፤ ፊቷን መሸፈኗ ራሱ መልስ ነበር። ወንድም ስለ ፈለገ ብቻ እኅት አትወሰድ።

ሁለተኛ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው። ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ያልተነገረው ልጅ፣ ሲያይ ወይ ይደነግጣል ወይ ሁሉንም እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛ፤ የሚጨበጨብለትን አሳዩ። ጋላቢው ሲወድቅ ዝም በሉ፤ ተነሥቶ ሲቆም አጨብጭቡ። ልጁ ተከላካዮቹን እንዲመለከት በጣታችሁ ጠቁሙት፤ ለወደቀው ሲል ራሱን መካከል የሚያስገባ ሰው ከአሸናፊው የሚያንስ ክብር የለውም።

አራተኛ፤ ልጆችን ለትርኢት አትግፉ። በብዙ ሮዲዮዎች ትናንሽ ልጆች ቆብና ሰደርያ ለብሰው በግ የሚጋልቡበት ውድድር አለ። የሚደሰት ልጅ አለ፤ እያለቀሰ በወላጁ ግፊት የሚቀመጥም አለ። ለፎቶግራፍ ሲባል የልጅን ፍርሃት መናቅ አይገባም።

አምስተኛ፤ ለመውጣት አትፈሩ። የመግቢያ ዋጋ ተከፍሏል ተብሎ የልጅ ልብ አይከፈልም።

በዚያች ሌሊት ቤት ከደረስን በኋላ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ለጸሎት ተሰበሰበ። ትንሿ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ስለ አያቷ ከለመነች በኋላ፣ «ደግሞ ስለዚያ ስለ ወደቀው ሰውዬ» አለች። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ስለ ጎተቱትም» ሲል ጨመረበት። ከእኛ ትምህርት ሳይጠብቁ፣ ለማን ማጨብጨብ እንደሚገባ ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰውት ነበር። የወላጅ ድርሻ ይህ ንግግር የሚደረግበትን ቦታና ሰዓት በቤቱ ማዘጋጀት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚመለከቷቸው ትርኢቶች የትኞቹ ናቸው? ከተመለከቱ በኋላ ስለምን ይነጋገራሉ?
2. ከሕዝብ ጋር ጮኸን በኋላ ያፈርንበት ጊዜ አለን? ምክንያቱ ምን ነበር?
3. ድፍረትንና ሕይወትን በከንቱ ማጋለጥን እንዴት እንለያለን? ከጋላቢውና ከተከላካዩ ምሳሌ አምጡ።
4. ለቤት እንስሳት ያለን አያያዝ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል?