እኅትማማች የጉዞ ቤት መኪናዎች በምን ይለያያሉ?

መንታ ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል ያስተማረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ የምንለያቸው በሹራባቸው ቀለም ነው፤ ሹራብ የተቀያየሩ ዕለት ግን ጉድ ይፈላል! ዛሬ የምናጠናው ጉዳይም ይህንኑ ይመስላል።

የጉዞ ቤት መኪና ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ጋንና መጸዳጃ የተገጠመለት፣ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚጓዝበትና የሚያድርበት መኪና ነው። በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት በምትገኘው በኖይሽታት ከተማ፣ ካፕሮን የተሰኘ ፋብሪካ ይህን መኪና በሁለት ስም ይሠራል። አንዱ ካራዶ፣ ሌላው ሰንላይት ይባላል። ፋብሪካው የኤርቪን ሂመር ግሩፕ ነው፤ ግሩፑን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ቶር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዝቶታል።

ለመሆኑ ሁለት ስም ለምን አስፈለገ? በአንድ አካባቢ ያሉ ሁለት ሻጮች በአንድ ስም ከሚሻሙ፣ ለየራሳቸው ስም ቢኖራቸው ለፋብሪካው ገበያው ይሰፋለታል። ወጪው ግን ብዙም አይጨምርም። ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የአልጋውን አቀማመጥ ማውጣት ስለሆነ፣ ይህ ለሁለቱም አንድ ይሆናል። ሰንላይት «ክሊፍ 600»፣ ካራዶ «ሲቪ 600» ብሎ ይሸጣል፤ ቁጥሩ እንኳ አልተለወጠም። ሁለቱም 6 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የሚለዋወጠው በውጭ የሚለጠፈው ሥዕል፣ የመቀመጫው ጨርቅ፣ የቁም ሣጥኑ ቀለምና አንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ተጨማሪ ዕቃ ነው።

ይህ ሲባል ግን እኅትማማቾች ሁሉ በጨርቅ ብቻ ይለያያሉ ማለት አይደለም። በጣሊያን አገር፣ በአቴሳ ያለው ፋብሪካ ከ1981 ጀምሮ የፊያት፣ የፔዦና የሲትሮዌን የዕቃ መኪናዎችን በአንድ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ብዙ የጉዞ ቤት መኪናዎች የሚሠሩት በእነዚህ ላይ ነው። በ2006 በወጣው ሞዴል አካሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ፊያት በብዛት የራሱን 2.3 ሊትር ሞተር፣ ሁለቱ ደግሞ 2.2 ሊትር ሞተር ያቀርቡ ነበር። ይኼ እንግዲህ ሹራብ አይደለም፣ ልብ ነው።

በበኩሌ ከስሙ ይልቅ የማየው ክብደቱን ነው። የብዙዎቹ ጠቅላላ ክብደት ከ3500 ኪሎ እንዳያልፍ ተወስኗል። በአውሮፓ ደንብ «ለጉዞ ዝግጁ» በሚባለው ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ የሚመዝን ሹፌርና ነዳጅ አብረው ይቆጠራሉ። እንግዲህ ለጉዞ ዝግጁ ክብደቱ 2900 ኪሎ የሆነ መኪና አለ እንበል፤ 600 ኪሎ ይቀረዋል። ሦስት ተሳፋሪ በ75 ኪሎ ሲታሰብ 225 ነው፤ ቀሪው 375። ሻጩ «በነፃ ጨምሬልሃለሁ» ያለው ጥላ፣ የብስክሌት መስቀያና ሁለተኛ ባትሪ 150 ኪሎ ቢመዝን፣ ለልብስና ለምግብ የተረፈው 225 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬኑም ይቸገራል፣ ትራፊክም ይቀጣል።

የእኅትየው ተጨማሪ ዕቃ 60 ኪሎ ቢሆንስ ስንት ይተርፋል? እስቲ አስሉት።