የአጥንትና የለስላሳ ቲሹ ዕጢ ስፔክትሮስኮፒ፦ ሁሉም ነገር በቮክስሉ ይወሰናል

ጭን ውስጥ ያለ ዕጢ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከኤምአርአይ ምስል ብቻ ለመለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። በዚያው ማሽን የሚሠራው ስፔክትሮስኮፒ ግን የዕጢውን ኬሚስትሪ ያሳያል። ሴሎች በፍጥነት ሲባዙ ለሽፋናቸው የሚያስፈልጉት የኮሊን ውህዶች ይበዛሉ፤ በሚወጣው ግራፍ በ3.2 ፒፒኤም ላይም ጫፍ ሆነው ይታያሉ።

1. ምርመራውን ከባዮፕሲ በፊት ሥሩ፤ መርፌው የሚተወው ደም መግነጢሳዊ መስኩን ያዛባል። ታካሚውን አመቻችታችሁ አስተኙ፣ የተለመዱትን ምስሎች አንሱ።

2. ቮክስሉን፣ ማለትም ሲግናሉ የሚለካበትን ሳጥን፣ አስቀምጡ። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ! የትልቅ ዕጢ መሀል ዓይን ይስባል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሞተ ቲሹ ነው፣ ኮሊንም አይሰጥም። ኮንትራስት ቶሎ የሚቀበለውን ጠጣር ክፍል ፈልጉ። ደም ካለበት፣ ፈሳሽ ካቆረና ካልሲየም ከተጠራቀመበት ቦታ ራቁ።

ከሁሉም የባሰው ጠላት ስብ ነው። በ1.3 ፒፒኤም የሚነሳው የስብ ጫፍ ግዙፍ ስለሆነ ትንሿን የኮሊን ጫፍ ይውጣታል። በአንድ አቅጣጫ ዕጢው ውስጥ ያለ የመሰለ ቮክስል በሌላው አቅጣጫ ጥጉ መቅኔ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ ስለዚህ በሦስቱም አቅጣጫ ሳታዩ አታስጀምሩ። ይህም አይበቃም፦ የስብ ሲግናል የሚመጣው እናንተ ከሳላችሁት ሳጥን ፈንጠር ካለ ቦታ ነው፤ በ3 ቴስላ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። እኔ ከዳር ዳር ክፍተት እተዋለሁ፣ ዙሪያውንም የሲግናል ማፈኛ ባንድ አደርጋለሁ። ዕጢው ለቮክስሉ የማይበቃ ከሆነ ምርመራውን ተዉት።

3. ሺም አድርጉ፤ ማለትም ቮክስሉ ውስጥ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ አስተካክሉ። የውሃው ጫፍ ከሰፋ አትቀጥሉ፤ ቮክስሉን ትንሽ አንቀሳቅሳችሁ ድገሙ። ከዚያ የውሃውን ሲግናል አፍኑ።

4. ለኤኮ ጊዜ እኔ 135 ወይም 144 ሚሊሰከንድ እመርጣለሁ፤ ብዙው የስብ ሲግናል እስከዚያ ይከስማል። በ2 ሰከንድ ልዩነት 128 ጊዜ ብትለኩ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የኮሊኑን መጠን ለማስላት ውሃው ሳይታፈንም አንዴ ለኩ።

5. ስታነቡ ተጠንቀቁ። ኮሊን ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ጃያንት ሴል ዕጢና መግል የቋጠረ እብጠትም ሊያሳዩት ይችላሉ። አለመታየቱም ነጻ አያወጣም፤ አጥንት የሚያጠነክር ኦስቲዮሳርኮማ ወይም ቀስ ብሎ የሚያድግ የካርቲሌጅ ካንሰር ሊደበቅ ይችላል።

ፍርዱ የባዮፕሲ ነው። ኮሊን የጎላበትን ቦታ ምስሉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ መርፌው የሞተ ቲሹ ይዞ እንዳይመለስና ታካሚው ሁለተኛ እንዳይወጋ ይረዳል።