መክሊቴን የት ቀበርኩት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። የዕለቱ ወንጌል አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ስለ ተቀበሉ ሦስት አገልጋዮች ይናገራል (ማቴ. 25፥14-30)። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ልብ በሉ! ይህ ሰው የጌታውን ገንዘብ አልሰረቀም፣ አልበላም። የተፈረደበት ስለ ቀበረው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሳምንት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም መንፈሳዊ ጉዞ አድርገን ነበር። የጉባኤው ርእስ «እምነቴን ለሌላው እንዴት ልመስክር?» የሚል ነበር። ቦታው ከርእሱ ጋር ይስማማል፤ ገዳሙን የመሠረቱት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸዋና በዳሞት ወንጌልን የሰበኩ ሐዋርያዊ አባት ናቸውና። ከመዝሙሩ በኋላ መምህራችን «ባለፈው ዓመት ስለ ክርስቶስ ለአንድ ሰው እንኳ የነገረ እጁን ያውጣ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ወጣት የወጣው እጅ ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። የእኔ አልወጣም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብሮኝ በአንድ ዶርም የሚያድር ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ ተጠምቋል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ግን ቆይቷል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ስቆይ አይቶ «ግን እውነት ለምንድን ነው የምትጾመው?» አለኝ። ሊያፌዝ አልነበረም፤ የምሩን ነው። እኔ ግን አፈርኩና «ባክህ፣ እናቴን ደስ እንዲላት ነው» ብዬ ሳቅሁ። እርሱም ሳቀ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ማታ ይህን ለመምህሩ ለብቻቸው ነገርኳቸው። «ልጄ፣ መክሊትህ ያቺ ጥያቄ ነበረች፤ ቀበርካት። ነገር ግን ጌታህ ገና አልተመለሰም፤ አፈሩን ማንሣት ትችላለህ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድናዘጋጅ፣ ይህንም በየዋህነት እንድናደርገው ያዘናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። እንዴት? በጉባኤው የተማርነው ይህ ነው።

1ኛ/ ያየነውን መናገር። ሳምራዊቷ ሴት ብዙ አልተማረችም ነበር። እንስራዋን ትታ ሮጠች፣ የደረሰላትን ተናገረች፣ ሰዎቹን ወደ ጌታ አመጣቻቸው (ዮሐ. 4)። የማናውቀውን ሲጠይቁን «መምህር ልጠይቅልህ» ማለት አያሳፍርም።

2ኛ/ አስቀድሞ መስማት። ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲቀርብ በጥያቄ ጀመረ፤ ያስተማረውም ሰውየው ከሚያነበው ከኢሳይያስ ተነሥቶ ነው (ሐዋ. 8፥26-39)። ክርክር ረትቶ ወንድምን ማጣት ትርፍ አይደለም።

3ኛ/ በኑሮ ማሳየት። ቅዱስ ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የመጣው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ የመጣውም ተማርኮ ነው። በቤተ መንግሥት በታማኝነት አገለገለ፤ ስለ ታመነም ተሰማ። በኋላ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ እኛም «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» እንለዋለን። በሥራ ቦታው የሚዋሽ ሰው ስለ እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ከጉዞው ስመለስ የዚያን ልጅ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩለት። «ያኔ ስለ ጾሙ ስትጠይቀኝ ዋሽቼህ ነበር» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «እሺ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። ነገርኩት። የቀረው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ እስከ ትንሣኤ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። አንድ ሰው በልብህ ያዝ፤ አንቺም ያዢ። በየቀኑ በጸሎት ስሙን እናንሣ። ከዚያ እንደውልለት፤ «እሑድ አብረን እናስቀድስ» እንበለው። አንዷ መክሊት እንኳ ከአፈር ትውጣ።

አምላካችን በጥቂቱ የታመንን አገልጋዮች ያድርገን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።